ፈላጊ የሞላበት ሰፈር

ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ሽማግሌው አናጢ ቤቱ ሰፋበት። ልጁ በመጣች ቁጥር ቤቱን አከራይቶ ለራሱ አንዲት ክፍል እንዲከራይ ትጎተጉተዋለች። ምክሯ ክፉ አልነበረም። ጣሪያው ያፈሳል፤ እሱ ደግሞ መሰላል መውጣት ካቆመ ቆይቷል።

አናጢ ግን ሳይለካ አይቆርጥም። ተከራይ መኖር አለመኖሩን ደላላ ቢጠይቅ «ፈላጊው እንደ ጉድ ነው» መባሉ አይቀርም፤ ደላላ መቼ ገበያ ቀዘቀዘ ብሎ ያውቃል? ስለዚህ የራሱን መላ ዘየደ። ማንም ወደማያውቀው ሰፈር ከአስፋልቱ ማዶ ተሻግሮ፣ የፈላጊውን ብዛት በዓይኑ ሊያይ ቤት ፈላጊ መስሎ በር ማንኳኳት ጀመረ።

የመጀመሪያዋ አከራይ እየሳቀች አስገባችው። ብቻውን እንደሚኖር ሲነግራት ግን ክፍሉ ድንገት «የተያዘ» ሆነ። ቀጥሎ ያሉት ዕድሜውን ጠይቀው እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ በኋላ ያገኘው ሰውዬ ነገር መሸፋፈን አልወደደም።

«አባባ፣ አይቀየሙኝ። አንድ ነገር ቢሆኑ ለማን ልናገር?»

ከኋላው አዲስ ተጋቢዎች ቆመው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር።

ነገሩ የማስመሰል ነበር፤ ቤት አለው፣ ቁልፉም ኪሱ ውስጥ ነው። ቢሆንም ከፋው። በዚህ ዕድሜው ደጅ ጠንቶ «ይቅርብን» መባልን አላሰበውም ነበር።

ልጁ ከሥራ ስትመለስ ጎራ አለች። የአከራዮቹን አነጋገር እየቀዳ አሳቃት። ዓይኗን እየጠረገች፣ ታዲያ ፈላጊ አለ ወይ ስትል ጠየቀችው።

«ፈላጊማ ሞልቷል» አላት። «እኔን የሚፈልግ ነው የጠፋው።»

ሳቋ ተቋረጠ። ስትመክረው ስትከርም አንድ ቀን እንኳ «እኔ ጋ ና» ብላው አታውቅም። ቤቷ ጠባብ ነው፣ ልጆቿም ብዙ ናቸው፤ እሱም ይህን ስለሚያውቅ አንስቶባት አያውቅም። አሁን ግን አፈረች፤ እሱም ስላሳፈራት አዘነ።

«አባዬ፣ አንተ ከቤትህ ንቅንቅ አትልም» አለችው በመጨረሻ። «የጓሮዋን ክፍል ብቻ እናከራይ። ጣሪያውን በኪራይዋ እናሳድሳለን።»

ትንሽ አሰበና ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

«እንግዲያው ለደላላው ንገሪው» አላት። «ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ይፈልግልኝ።»