ጡሩምባ ያልተነፋባት ከተማ

ፀደንያ ከሶዶ እስከ ቤሌ በሚኒባስ፣ ከቤሌ እስከ ዛሞ በሞተር የሄደችው ታላቅ እህቷን ብሩክታይትን ፍለጋ ነው። ብሩክታይት አግብታ ዛሞ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስልኳ ከተዘጋ ግን ሃያ ቀን አልፏል። እናታቸው ኔትወርክ ይሆናል እያለች ራሷን ስታታልል ፀደንያ ቁጭ ብላ መስማት አልቻለችም።

ዛሞ ዓይን አይጠግባትም። መንገዱ ተጠርጓል፣ አጥሩ ተከርክሟል፣ የሰዉ ፊት ሁሉ ፈክቷል። ሞተረኛው እንደነገራት እዚህ ከተማ እድር የለም፤ የሞት ጡሩምባም ተነፍቶ አያውቅም። ሰዉ በዚህ ይኮራል። ፀደንያ ግን አልተዋጠላትም። ሰው ካለ ሞት አለ፤ ሞት ካለ ደግሞ ድንኳን የሚተክል ያስፈልጋል።

የእህቷ ባል ጦና በር ላይ በፈገግታ ተቀበላት እንጂ አላወቃትም። ስለ ሚስቱ ስትጠይቀው እኔ ላጤ ነኝ አላት። የሚዋሽ ቢመስላት ኖሮ ታንቀው ነበር። ከኋላው የብሩክታይት ቀይ ሹራብ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። የማን ነው ብትለው አገላብጦ አየና፣ እንግዳ ረስቶት ይሆናል አለ።

ነገሩን የነገሯት ጎረቤቱ ጋሽ ባዳቾ ናቸው፤ ያውም እንደ መልካም ዜና። ዛሞ ውስጥ የሞተ ሰው ያለ ለቅሶ ይቀበራል። ባልም ቢሆን እንባውን ይውጣል፤ ደንቡ ነው። ያልተለቀሰለት ሰው ፀሐይ ስትጠልቅ በከተማው ካለ ሰው ልብ ሁሉ ይወጣል። ከጦና እንሰት ጀርባ አዲስ አፈር አይተዋል፤ የማን እንደሆነ ግን እሳቸውም አያውቁም።

«አንቺም እዚሁ እደሪ» አሏት። «ነገ የሚያምሽ ነገር አይኖርም።»

ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ፀደንያ ወደ እንሰቱ እየሄደች ብሩክታይት ስትስቅ ድምጿ እንዴት እንደነበር ለማስታወስ ሞከረች፤ ጠፋባት። ሃያ ዓመት አንድ አልጋ ላይ የተኙ እህትማማቾች ናቸው። በአባቷ ለቅሶ እንኳ እንባ ያልወጣት፣ ሙሾ አውራጆችን ቲያትረኞች ትል የነበረች ልጅ፣ አፈሩ ላይ ተንበርክካ ደረቷን ደቃች። ሙሾ አታውቅም። ያላትን ብቻ አለች፦ ብሩክታይት ፀጉሬን ያበጠረችኝ፣ ብሩክታይት ዩኒቨርሲቲ ስገባ ጫማዋን አውልቃ የሰጠችኝ፣ ብሩክታይት ስትዋሽ ጆሮዋን የምትነካካ።

በሮች አንድ በአንድ ተዘጉ። ጦና ግን ቆሞ ሰማ። ፈገግታው ወረደ፤ ከዚያ መጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ።

«ፀዲ» አላት፣ በሠርጉ ሰሞን ይጠራት እንደነበረው። «ምጥ ላይ ነበረች፤ ልጁም አብሯት ሄደ። እጄን ይዛ ነበር።»

አፈሩን አቅፎ አለቀሰ። ፀደንያ አላባበለችውም፤ አብራው አለቀሰች።

በዚህ መሃል የጋሽ ባዳቾ በር ተከፈተ። ሽማግሌው ቀስ ብለው መጥተው ፊት ለፊቷ ቆሙ።

«ልጄ፣ ቤቴ ውስጥ ሁለት አልጋ አለ» አሏት። «የኔዋስ ማን ትባል ነበር?»

ፀደንያ አላወቀችም። የሚያውቅ ሰውም አልቀረም። ጠጋ ብላ ቦታ ስትለቅላቸው ተቀመጡ፤ ስሟን ለማያውቁት ሴት እንዴት እንደሚለቀስ ግራ ገብቷቸው የፀደንያን አፍ አፍ ያዩ ጀመር።