ካቡን የገፋው

እትዬ ብርሃኔ ካቡን አቅፎ ያቆመው ጠንበለሉ ነው ይላሉ። ሐረጉ ከላይ እስከ ታች እንደ መቀነት ባይታጠቀው ኖሮ ይህ ካብ ያለፈው ክረምት ላይ ድንጋዩን ዘርግፎ ነበር ይላሉ።

ቄስ ዘካርያስ ደግሞ ካቡን የሚጥለው ጠንበለሉ ነው ይላሉ። አባታቸው የካቡት ካብ አርባ ዓመት ሙሉ ቀጥ ብሎ ኖሮ ይህ ሐረግ ከተደገፈበት ወዲህ ሆድ አወጣ፤ በድንጋዩ መሃል ሥሩን እየሰደደ ወደ እሳቸው ግቢ ገፋው ይላሉ።

ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው። ሁለቱም አይዋሹም፤ የሚናገሩትም ስለ አንድ ካብ ነው። እኔ ወገዳ ከተማ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ የምኖረው እትዬ ብርሃኔ ግቢ ውስጥ በተከራየሁት ክፍል ነው። ካቡን ጠዋት ጠዋት ጥርሴን ስፍቅ አየዋለሁ። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ከሰው ቁመት ትንሽ የሚበልጥ ነው። እውነትም መሃሉ ወደ ቄሱ በኩል ተነፍቷል። ከዚያው ሥር የቄሱ ሁለት ጥጆች ያድራሉ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ አንድ ረቡዕ፣ ቄስ ዘካርያስ ከካቡ ማዶ ሆነው ተጣሩ።

«ብርሃኔ፣ ሰኔ ሊገባ ነው። ይህን ነገር ካልቆረጥሽው ሰኞ ጠዋት መጥረቢያዬን ይዤ እመጣለሁ። ጥጆቼን ድንጋይ ይጫናቸው?»

«ጥጆቹን ወደዚያ ፈቀቅ ቢያደርጓቸውስ አባ?»

«ከገዛ ካቤ ሸሽቼ የት ልድረስ?»

«ሆድ ያወጣው እኮ በእርጅና ነው።»

«እኔም አርጅቻለሁ። ሆዴ ግን ይኸው ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።»

እትዬ ብርሃኔ ሳቁ። ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም፤ ሄደው ከንብ ቀፎዎቻቸው አጠገብ ተቀመጡ። ቀፎዎቹ አራት ናቸው፤ ከካቡ ሥር በመደብ ላይ ተደርድረዋል። እትዬ የሚተዳደሩት በማሩ ነው። ጠንበለሉን ያመጡት ባለቤታቸው አቶ በላይነህ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ጫፍ ቁራጭ ቆርጠው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው። እሳቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗል። በበጋ፣ ሜዳው ሁሉ ደርቆ ሲነጣ፣ በዚህ ሰፈር የሚያብበው ይህ ነጭ አበባ ብቻ ነው። አንድ ዓመት ፍየል ገብታ ግማሹን በላችው፤ በዚያው በጋ አንድ ቀፎ ንብ ጥሎ ሄደ።

«ከተቆረጠ አይቆዩልኝም» አሉኝ ወደ ቀፎዎቹ እያዩ። «አንተ መምህር አይደለህ? እስቲ እየው። ደግሞ ቤትህ ያለው እኔ ዘንድ ነው ብለህ አትዋሽልኝ።»

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአንድ ግንበኛ የግድግዳ ቀጥታ የሚለካበትን ቱምቢ ተውሼ መጣሁ። ክሩን ከካቡ አናት ለቅቄ በሁለቱም በኩል ለካሁ። ቄስ ዘካርያስ ወንበራቸውን አውጥተው ተቀምጠው ያዩኝ ነበር።

«መምህር፣ ካብ እንደ ሰው ትኩሳት አለው እንዴ?»

«ሥሩን ነው የምፈልገው አባ።»

«ፈልግ። ታገኘዋለህ።»

አላገኘሁትም። ከአናቱ ሦስት ድንጋይ አንስቼ በስልኬ መብራት ውስጡን አየሁ፤ ያለው ደረቅ ጭቃና የጉንዳን ቤት ብቻ ነው። ጠንበለል ይደገፋል እንጂ ድንጋይ ውስጥ አይገባም። የቄሱ ነገር እዚያ ላይ ወደቀ። ቀጥዬ እጄን በሐረጉና በካቡ መሃል አሾለክሁ። እስከ ክርኔ ድረስ ገባ። ግንዱ ካቡን አልነካም፤ በድንጋዮቹ መሃል በተመቱ የወይራ እንጨት ኩላቦች ላይ በጠፍር ታስሮ ተንጠልጥሏል። ካቡ ሐረጉን ይሸከመዋል እንጂ ሐረጉ ካቡን አልያዘውም። የእትዬ ብርሃኔም ነገር ወደቀ።

ታዲያ ማን ነው የገፋው?

በዚያ ምሽት ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። አርብ ወደ ቄሱ ግቢ ተሻግሬ፣ የወጡትን ድንጋዮች አንድ በአንድ በጠመኔ ምልክት አደረግሁባቸው። ከዚያ በእኛ በኩል ዞሬ የእያንዳንዱን ትክክል ፈለግሁ። ከአንዱ በቀር ከሁሉም ፊት ለፊት ኩላብ ነበር። ያንን አንዱን ምን እንደገፋው እስካሁንም አላወቅሁም። ከካቡ ጫፍ፣ ጠንበለሉ ፈጽሞ ደርሶበት በማያውቅ ቦታ፣ አሮጌ ቀንበር የተሰቀለባቸው ሁለት ኩላቦች አሉ። ከእነሱም ትክክል ድንጋዩ ወጥቷል። በቀንበሩና በጠንበለሉ መሃል ያለው፣ ኩላብ የሌለበት ካብ ግን፣ ቱምቢው እንደሚወርደው ቀጥ ያለ ነው።

አንዱን ኩላብ እያወዛወዝሁ ነቀልሁት። ክንዴን ያህላል። ጫፉ እንደ ተፋቀ መፋቂያ ተበታትኗል።

«እትዬ፣ እነዚህን ማን ነው የመታቸው?»

«በላይነህ ነዋ። ቤት ውስጥ ልብስ የምንሰቅልበት ዓይነት ነው፤ ወይራ አይበሰብስም ብሎ።»

«እሳቸው ካረፉ በኋላስ?»

«እኔ ነኛ። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲመታቸው ይላላሉ። ጥቅምት በገባ ቁጥር መዶሻ ይዤ አጠብቃቸዋለሁ። አንድ ዓመት እንኳ አሳልፌ አላውቅም።»

ይህን ያሉት ኮራ ብለው ነው። እኔም የነቀልሁትን ኩላብ በክር አሰርሁት፤ ክሩ ሳይጠብቅ፣ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲንሸራተት አድርጌ። ከዚያ ባልዲ ውኃ ውስጥ ነከርሁት። እትዬ ብርሃኔ ባቄላ ነው እንዴ አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አወጣሁትና ሰጠኋቸው።

«ክሩን ያውጡት።»

ሳቡት። አልተንቀሳቀሰም። በጥፍራቸው ሞከሩ፤ ክሩ እንጨቱ ውስጥ ሰምጧል።

«ጠጥቶ ወፈረ» አሉ።

«አዎ። ቤት ውስጥ ያለ ኩላብ ዝናብ አያገኘውም። ይህ ግን ክረምት ክረምት እየወፈረ ድንጋዩን ይገፋል። በጋ ሲገባ ይከሳል፣ ይላላል። የተገፋው ድንጋይ ግን አይመለስም።»

«እኔ ደግሞ በክፍተቱ ልክ ወደ ውስጥ እመታዋለሁ።»

«ይመቱታል።»

ኩላቡን እያገላበጡ የተበታተነውን ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ስድስት ዓመት» አሉ። «እሱ እንዳስቀመጠው ላቆይለት ብዬ።»

ሰኞ ጠዋት ቄስ ዘካርያስ እንዳሉት መጥረቢያቸውን በትከሻቸው አድርገው መጡ። እትዬ ብርሃኔ ቀድመውኝ ወጡና ኩላቡን ከነክሩ ሰጧቸው። የነገርኋቸውን ሁሉ አንድም ሳያስቀሩ፣ ጥቅምት ጥቅምት የሚመቱትንም ጭምር፣ ራሳቸው ተናገሩ። ቄሱ መጥረቢያውን መሬት አስቀምጠው ክሩን ሳቡት።

«እና ካቤን የመታው መዶሻሽ ነው?»

«የእኔ መዶሻ ነው አባ። ይፍቱኝ።»

«እኔም ይህን ምስኪን ሐረግ ስንት ዓመት ስሰድበው ከረምሁ» አሉ ቄሱ። «በይ ኩላቡን ንቀይውና ጠንበለሉ ይቅር። ምን አደረገኝ?»

ያንጊዜ የተቀረውን መናገር ግድ ሆነብኝ። ድንጋዮቹ አሁን የተኙት በኩላቦቹ ላይ ነው፤ ከተነቀሉ ካቡ ይናዳል። ስለዚህ መሃሉ ዝናብ ሳይጥል ፈርሶ እንደገና መካብ አለበት። እስከዚያ ጠንበለሉ ከካቡ መውረድ ይኖርበታል።

«ከጉልበት በላይ ቢቆረጥ መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ አልጠራጠርም» አልሁ። «ግን ሁለት በጋ አያብብም ይሆናል። እንዳለ ፈትተን ገለባ ላይ ብናስተኛው ደግሞ ሊተርፍ ይችላል፤ ወይም ግንዱ ከሥሩ ተሰንጥቆ ሊሞት ይችላል። ውፍረቱ የእጅ አንጓ ያህላል፤ ቆሞ ነው የጠነከረው።»

«የትኛው ይሻላል?» አሉኝ እትዬ ብርሃኔ።

«አላውቅም።»

«መምህርም የማያውቀው ነገር አለ ለካ» አሉ ቄሱ፤ ግን አልሳቁም፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ወደ እትዬ ብርሃኔ መለሱ።

እትዬ ብርሃኔ ወደ ካቡ ሄዱ። አንድ ንብ እጃቸው ላይ አርፋ እስክትነሳ ጠበቁ። ከዚያ ወፍራሙን ግንድ ከታች ይዘው በቀስታ ወደ ራሳቸው ሳቡት። ግንዱ ጥቂት ታዘዘ፤ ከውስጡ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ መልሰው ለቀቁት።

«አይቆረጥም» አሉ፣ ሁለታችንም እንድንሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ጠፍሩን ነገ ጠዋት እኔው እፈታለሁ፤ ከተሰነጠቀም በእኔ እጅ ይሰንጠቅ። አባ፣ እርስዎ ከነገ ወዲያ ካብዎን ያፍርሱ። ከተረፈልኝ በራሱ እንጨት አቆመዋለሁ፣ ከካቡ አንድ ክንድ ራቅ አድርጌ።»