ከጁባ ሩምቤክ

ከጁባ ሩምቤክ በአየር ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ አውሮፕላን በአንድ ሰዓት ግድም ይደርሳል። እኔ በጎልማሳነቴ ከብት ነድቼ ጁባ ሄጄ በእግሬ ስመለስ አሥራ ሦስት ሌሊት መንገድ ላይ አድሬያለሁ። ስደርስ አባቴ ሰንጋ አረደልኝና ተራምጄው ገባሁ። እኛ ዲንካዎች ከሩቅ የመጣ ሰው የታረደለትን ሳይራመድ ቤት አናስገባም።

ወንድሜ ማኩዌይ ለልጁ ለአዱት ነጩን ሰንጋ አርዳለሁ ሲል ታዲያ ደሜ ፈላ።

ነገሩ የቆየ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ሰው ለአዱት መቶ ሃያ ከብት ጥሎሽ ይዞ መጣ። ማኩዌይ "ልጄ አውሮፕላን ማብረር መማር ትፈልጋለች" ብሎ መለሰው። መቶ ሃያ ከብት! እኔም ድርሻ ነበረኝ። "እንግዲያው ላባ አብቅልላት!" ብዬው ከግቢው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር ተነጋግረን አናውቅም።

አሁን አዱት ራሷ እያበረረች ልትመጣ ነው። የመንደሩ ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ ተከራከርኩ።

"ሰንጋ የሚታረደው ከሩቅ ለመጣ ነው። አንድ ሰዓት ሩቅ ነው እንዴ? ሚስቴ እንኳ ወንዝ ወርዳ እስክትመለስ ከዚያ በላይ ትቆያለች!"

ሽማግሌዎቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "እሷው ትናገር" ብለው ፈረዱ። "አንድ ሰዓት ፈጀብኝ ካለች ሰንጋው ወደ በረቱ ይመለሳል።"

በማግስቱ ማኩዌይ ሰንጋውን ጎትቶ አውሮፕላን ማረፊያው አጥር ላይ አሰረው።

አውሮፕላኑ አቧራውን አስነስቶ አረፈ። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ካለቁ በኋላ አዱት ብቅ አለች፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ትከሻዋ ላይ ወርቃማ መስመር አድርጋ፣ ቁመቷ ቁርጥ አባቷን። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ዘለለ። አፌ ግን መች ያርፍና።

"እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። መንገዱ ስንት ፈጀብሽ?"

የታሰረውን ሰንጋ አየች። ቀጥሎ መሬት መሬት የሚያየውን አባቷን አየች። የዲንካ ልጅ ናት፤ ማንም ሳይነግራት ገባት። ሰዓቷን ተመለከተች።

"ሰባት ዓመት ከሃምሳ ስምንት ደቂቃ፣ አጎቴ።"

እኔ በአሥራ ሦስት ሌሊት ዕድሜዬን ሙሉ ስፎክር ነው የኖርኩት። አፈርኩ።

ማኩዌይ ጦሩን ይዞ ወደ ሰንጋው ሲሄድ ክንዱን ያዝኩት።

"ይሄ አይታረድም" አልኩ።

"ዛሬም?" አለ፤ ዓይኑ ቀላ።

"ዛሬም! የኔ ነው የሚታረድላት። ቀዩን አምጡልኝ!"

ቀዩ ሰንጋዬ የምዘፍንለት፣ ጓደኞቼም በስሙ የሚጠሩኝ ነው። ለማንም አላርደውም ብዬ ምዬ ነበር። ቀዩ በማኩዌይ ቤት ደጃፍ ላይ ታርዶ ወደቀ፤ አዱት ጫማዋን አውልቃ ተራመደችው። ሴቶቹ እልል አሉ። ኮራሁ። በራሴ እንኳ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ወንድሜ አጠገቤ መጥቶ የወደቀውን ሰንጋ አየት አደረገ።

"ቀንዱ ግን የኔን አያህልም" አለኝ።

በሰባት ዓመት ውስጥ ሲቀልድብኝ የመጀመሪያው ነው።

"ዝም በል፣ የአብራሪ አባት!" አልኩት።