የወንዙ ሳሙና

ኬሚስቱ ከሚስቱ ይልቅ ወንዙን ያውቃል ይባላል፤ ሚስቱም አልካደችም። ከተቀጠረ ጀምሮ ከድልድዩ ሥር ውሃ እየቀዳ ይመረምራል። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ በመዝገቡ ላይ ሽቅብ የሚወጣው መስመር፣ ሳሙና ውሃ ውስጥ ጥሎት የሚሄደው ፎስፌት የሚባለው ኬሚካል ብቻ ነው። ዓሣዎቹ እንደ ድሮው ይፈነጫሉ፤ እሱ ግን መሣሪያውን እንጂ ዓሣ አያምንም።

ጥፋተኛ ፍለጋም ሩቅ አልሄደም። ከድልድዩ በላይ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አሉ። «ይነሱ» ብሎ ጻፈ፤ ማዘጋጃ ቤቱም ስብሰባ ጠራ። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ የአጣቢዎቹ አለቃ በዚያው ወንዝ የሰው አንሶላ እያጠበች ያስተማረችው አክስቱ ናት። ካኮረፈችው ሰነባብታለች፤ ነጭ ጋውኑንም ማጠብ ትታለች። ኮሌታው የመኪና ጎማ መስሏል።

በስብሰባው ዕለት ጠዋት ለማሳያ የሚሆን ጠርሙስ ሊያመጣ ወደ ላቦራቶሪው ጓዳ ገባ። አሮጊቷ የጽዳት ሠራተኛ እስከ ክርናቸው አረፋ ውስጥ ገብተው የወንዙ ውሃ የሚቀዳበትን የናሙና ጠርሙስ ይፈትጋሉ።

«እትዬ! በሳሙና ነው እንዴ የሚያጥቡት?»

«ታዲያ በምን ልጠብ? እናንተማ ለቅለቅ አድርጋችሁ ነው የምትተዉት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጣህ ጀምሮ ነዋ! ድሮ ቆንጠር አደርግ ነበር። አሁን ክንዴ ሲደክም ሳሙናውን ጨመር፣ ሲደክም ጨመር ነው እንጂ ምን ይደረግ።»

ሳሙና ያልነካው አዲስ ጠርሙስ ይዞ ወደ ድልድዩ ሮጠ፤ ቀድቶ መረመረ። ውጤቱ ከመጀመሪያው ዓመትም አነሰ። ያ ሁሉ ዓመት ሲወጣ የኖረው መስመር የእትዬ ክንድ ድካም ነበር።

ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። አሮጊቷ እንደሆኑ ሙያ መስሏቸዋል። አዳራሹ ውስጥ ግን አክስቱ ፊት ለፊት እጇን አጣምራ ተቀምጣለች፤ የምታየው ፊቱን ሳይሆን ኮሌታውን ነው።

«ሳሙናው የኛ ነው» አለና የጠርሙሶቹን ጉድ ዘረገፈው።

ቀድማ የተናገረችው አክስቱ ናት።

«እንዲህ ስታንቀጠቅጠን የኖርከው የራስህን እጣቢ እየመረመርክ ነው?»

«አዎ።»

ተነስታ መጣች። በጥፊ ልታጮለው መስሎት ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ግን ጋውኑን ከትከሻው ገፈፈችው።

«ወንዙ ንጹህ ከሆነ ይሄን ልጠብልህ» አለችና ወደ በሩ አመራች።

«አክስቴ» አለ ከኋላዋ እየተከተለ፣ «ሳሙናውን ግን... ቆጠብ አድርጊ።»

ጋውኑን መልሳ በፊቱ ላይ ወረወረችው።