ጠ ይጠብቃል

አዲስ ስልክ ወጣ። ከአምናው የሚለየው ካሜራው በአንድ መጨመሩና ቀለሙ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ስለሱ አንድ ነገር መጻፍ አለብኝ። በየሳምንቱ ስለ ዕቃ፣ ስለ ሶፍትዌርና ስለ ሰሞኑ ወሬ የምቀባጥርባት አንዲት የኢንተርኔት ገጽ አለችኝ፤ የሚያነቡኝም አሉ፣ አብዛኞቹ እንደኔው ቻርጀር በተቀየረ ቁጥር የሚቆጡ ናቸው። ድሮ አዲስ ዕቃ ወጣ ሲባል በደስታ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። አሁን ግን ሰለቸኝ። ስልኩ ራሴን ላድስ ይላል፣ ኮምፒውተሩ ላድስ ይላል፣ ቴሌቪዥኑ እንኳ ዜናውን አቋርጦ ላድስ ይላል። እኔን ላድስህ የሚለኝ አንድም የለም።

የእጅ ሰዓቴ ደግሞ አረፍ ባልኩ ቁጥር "ተነሥ፣ ተንቀሳቀስ" እያለ ይነዘንዘኛል። ቀኑን ሙሉ የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ ስወጣ ስወርድ፣ የአንዱን የይለፍ ቃል ስቀይር፣ የሌላው ማተሚያ የነከሰውን ወረቀት ሳስለቅቅ ነው የዋልኩት፤ ይህን ለሰዓት ማን ያስረዳልኛል? ሰሞኑን ማሽን የሰውን ሥራ ሊነጥቅ ነው እየተባለ ይወራል። ይንጠቅ። የኔን ከፈለገ ነገ ጠዋት መጥቶ የሒሳብ ክፍሉን ማተሚያ ይረከበኝ።

እውነቱን ለመናገር ከዚህ ሁሉ ኮተት ያኮራኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ዕድሜውን በሙሉ መርፌ ቀዳዳ ላይ ያፈጠጡት ዓይኖቹ ሞራ ሸፈናቸው። ቀኙ በመዘግየት ብዛት ጭራሽ ጠፋ። ያን ጊዜ ስልኩ ላይ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሶፍትዌር ጫንኩለት። ድምፁ የሴት ነው፤ አባቴ "ወይዘሮዋ" ይላታል። ዜናውንም መልእክቱንም የምታነብለት እሷ ናት። እኔ ሥራ ስውል ቤት ውስጥ አብራው የምትውለውም እሷው ናት።

አንድ ጉድለት አለባት፤ ማጥበቅ አታውቅም። እንደሚታወቀው የኛ ቃል ቢጠብቅም ቢላላም አጻጻፉ ያው ነው፤ ሰው ከነገሩ ተነሥቶ ይለየዋል። ወይዘሮዋ ግን ሁሉንም አላልታ ነው የምታነበው። "የዕለቱ ዋና ዋና ዜናዎች" ስትል ዜና አንባቢው ወንዝ ውስጥ የገባ ይመስላል። አንድ ቀን ስለ "ሰፊው ሕዝብ" የሚያወራ ረጅም ንግግር አነበበችለት፤ ሰፊውን እንደ ልብስ ሰፊ እያደረገች። አባቴ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። "ይኸው በስተርጅና የሚሟገትልን መንግሥት አገኘን!" አለ። ለሠሪዎቹ ስሕተቱን ዘርዝሬ ጻፍኩላቸው። "ለአስተያየትዎ እናመሰግናለን" አሉ፤ ከዚያም ሶፍትዌሩ ሲታደስ የቁልፎቹ ቀለም ተቀይሮ መጣ።

ሐኪሟ የግራው ዓይን ቶሎ ካልተሠራ እንደ ቀኙ ይሆናል ብላ ቀጠሮ ሰጠችን። አባቴ እሺ አለ፣ ግን በአንድ ነገር ድርቅ አለ፦ "ሁለቱም ልጆቼ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ካልቆሙ አልተኛም።" እናቴ እዚያው ሆስፒታል ለቀዶ ጥገና የገባች ዕለት በሩ ላይ የቆመው ታላቅ ወንድሜ ብቻ ነበር፤ እኔና አባቴ ስንደርስ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። ስለዚህ አባቴን ልሟገተው አልቻልኩም።

ወንድሜ የሚሠራው ከከተማ ርቆ፣ አንድ የውኃ መግፊያ ጣቢያ ውስጥ ነው። ስልክ የሚሠራለት ታንከሩ አናት ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። ከእናቴ ሞት በፊትም ከዚያም ወዲህ ቃል ማባከን አይወድምና ቤት ውስጥ "ቁጥቡ" እንለዋለን። ተተኪዬ እንደመጣ እመጣለሁ አለ። ከዚያ "ተተኪው አልመጣም" ብሎ ጻፈ። ደግሞ ሰንብቶ "ተተኪው አልመጣም" አለ። አባቴ እያንዳንዱን መልእክት ወይዘሮዋን ደጋግሞ ያስነብባታል።

ከቀጠሮው ዋዜማ ከሥራ ስመለስ አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ያዘጋጀሁለትን ሻንጣ ጭኑ ላይ ከፍቶ፣ ቢጃማውን እያወጣ ነበር።

"ምን እያደረግክ ነው አባዬ?"

"ዕቃዬን እየመለስኩ። ወንድምህ አልመጣም ብሏል፤ እኔም አልሄድም።"

"መቼ ነው ያለው?"

"ቅድም። ወይዘሮዋ አነበበችልኝ።"

ስልኩን አንሥቼ አየሁት። "ዛሬም አልመጣም" ይላል። በቃ፤ ከፊቱም ከኋላውም ምንም የለም። ጫማዬን ሳላወልቅ ቆሜ አፈጠጥኩበት። ጠ ከላላ ወንድሜ እኔ አልመጣም ማለቱ ነው። ጠ ከጠበቀ ደግሞ ተተኪው ዛሬም ሳይመጣ ቀረ ማለቱ ነው። ዓይን ያለኝ እኔ ዓይን ከሌለው አባቴ የተሻለ አንዳች ነገር አላየሁም። ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ያ ሁሉ ሳተላይት ከላዬ እየዞረ የአንዲት ፊደል ነገር የሚነግረኝ ጠፋ።

"አባዬ፣ ወይዘሮዋ እኮ ማጥበቅ አታውቅም። ዋና ዋናውን ምን እንደምታደርገው ረሳኸው?"

"አልረሳሁም። ታዲያ አንተ አንብብልኝ።"

ፊቱን ወደኔ መለሰ። ወንድሜ ምን ማለቱ እንደሆነ አላውቅም ነበር። የማውቀው ነገ ካልገባ ቀጣዩ ቀጠሮ ሩቅ መሆኑን ነው፤ ከዚያ በኋላ ይህን ሰው እጁን ይዤ ከክፍል ክፍል እየመራሁ እንደማረጅ ነው። ደክሞኝ ነበር። ይህን ማለት ደስ አይለኝም፣ ግን በአባቴም በወንድሜም በራሴም ደክሞኝ ነበር። ጉሮሮዬን ጠራርጌ አነበብኩ፤ ጠ ላይ ስደርስ በሙሉ ጉልበቴ ረገጥኩት።

"ዛሬም አልመጣም። ተተኪውን ማለቱ ነው። ሰውዬው ከደረሰለት እሱም ነገ በጠዋት ይደርሳል።"

አባቴ ቢጃማውን በጣቶቹ እየዳበሰ ጠርዙን፣ ስፌቱን ፈተሸው።

"ጠ ይጠብቃል?" አለኝ በመጨረሻ።

"ይጠብቃል።"

"እንግዲያው እኔም እጠብቃለሁ። እስከ በሩ ድረስ።"

ቢጃማውን አጣጥፎ ወደ ሻንጣው መለሰው። እኔ ወጥ ላሙቅ ብዬ ወጥቼ ምድጃው አጠገብ ብዙ ቆየሁ።

በማግሥቱ የሆስፒታሉ መተላለፊያ በሰው ተጨናንቆ ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ያንኑ አዲስ ስልክ ያሳያል፤ ከሥሩ የተቀመጡት ሁሉ አቀርቅረው የየራሳቸውን ስልክ ያያሉ። አባቴ ብቻ ቀና ብሎ ተቀምጧል። ኮቴ በሰማ ቁጥር አንገቱን ያዞራል። እኔም አብሬው እዞራለሁ። አልፎ አልፎ የሚመጣው ሰው ቁመቱ ወንድሜን ይመስላል፤ ከዚያ ሌላ ሰው ይሆናል።

ነርሷ ስሙን ጠራች። በሩ ላይ ስንደርስ አባቴ ክንዴን ያዘ።

"ደረሰ?"

"መንገድ ላይ ይሆናል አባዬ።"

"እሺ" አለና ገባ። በሩ ተዘጋ።

ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጠራ። ወንድሜ ነው፤ የነፋሱ ድምፅ ከሱ ድምፅ ይበልጣል።

"ገባ?"

"ገባ። የት ደረስክ ጋሼ?"

"አልመጣም ብዬ ጽፌ የለም እንዴ?" አለኝ። አላልቶ ነው ያለው።

"ተተኪውስ?"

"እሱማ ከመጣ ሰነበተ።" ነፋሱ ትንሽ ጋብ አለ። "እኔ ያንን በር ማየት አልችልም። እናንተ ስትደርሱ ሸፍነዋት ነበር። ሳይሸፍኗት ያየኋት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ሻንጣዬን ሸክፌ መናኸሪያ ድረስ ሄጃለሁ፣ እግሬ እምቢ አለኝ። አባዬ ምን አለ?"

የምናገረው ሁሉ ከትናንት ጀምሮ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ታላቅ ነህ፣ ሸክሙን ለኔ ጥለህ ነው የምትኖረው፣ ምናምን። ተናደድኩ። ያን ያህልም አዘንኩለት። ስንት ዓመት ብቻውን ይዞት ኖሯል፣ እኛም ዝምታውን ቁጥብነት ብለን ስንስቅበት።

"ይጠብቅሃል" አልኩት። "አይዞህ። ሲወጣ እደውልልሃለሁ።"

አባቴ ግራ ዓይኑ በነጭ ጨርቅ ታሽጎ ወጣ። ሐኪሟ ደህና ሆኗል፣ ነገ ይፈታል አለችኝ። ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ አልጋው ላይ ደገፍ አድርጌ አስቀመጥኩትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። መናገር ነበረብኝ።

"አባዬ፣ ጋሼ ደውሎ ነበር። ትናንት ያነበብኩልህ..."

"ተወው" አለኝ። "ወይዘሮዋ ትክክል ናት። ትናንት ብቻ ተሳካላት።"

"ማን ነገረህ?"

"ልጄ አይደለም እንዴ? ተተኪው ቢሆን ተተኪው ይል ነበር። ደግሞ ከናታችሁ ወዲህ ያንን በር እንደማይረግጥ አውቃለሁ።"

"እያወቅክ ነው እሱ ካልመጣ ያልከው?"

"እያወቅኩ ነው" አለ። ውኃ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት፤ ጠጣና ብርጭቆውን እጁ ውስጥ አቆየው። "ፈርቼ ነዋ። እናታችሁ በእግሯ ሄዳ የገባችበት ቤት ነው። ፈራሁ ብል አንተ ትሰማኛለህ፣ ታባብለኛለህ፣ ጎትተህም ታስገባኛለህ። እሱን ሰበብ ባደርግ ግን ምን ታደርገኛለህ? ስለማይመጣ ነው የመረጥኩት።"

ያ ሁሉ ጊዜ የሚጠብቀው ወንድሜን ይመስለኝ ነበር፤ በየኮቴው አንገቱን ሲያዞር ቅናት ቢጤ እንኳ ይሰማኝ ነበር።

"ታዲያ ለምን ገባህ?"

"ስታነብልኝ ሰምቼህ ነዋ። ከልጅነትህ ጀምሮ አንድ ነገር እንዲህ አጥብቀህ ለምነኸኝ አታውቅም። ድምፅህ ውስጥ ያለውን ድካም ሰማሁት ልጄ። ዓይን ሲጠፋ ጆሮ ይከፈታል። ይህን የደከመ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ በትር ላደርገው ነው ወይ አልኩ። ከሞትኩም ልሙት አልኩና ገባሁ።"

እንባዬ መጣ። ዓይኑ መታሸጉ ጠቀመኝ ብዬ ድምፄን ዋጥ አደረግኩ፤ እሱ ግን እጁን ዘርግቶ ትከሻዬን ፈልጎ አገኘውና እንደሚርገፈገፍ በመዳፉ አወቀ። ብዙ ጊዜ እንደዚያው ያዘኝ።

"ነገ ሲፈታልኝ መጀመሪያ የማየው አንተን ነው" አለኝ። "እንዲህ ከስለህ እንዳላይህ፣ ሂድ ትንሽ ተኛ።"