ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ባሩድ

ሎርና ፔቲግሩ ባሩድ ስትሰፍር ስልክ ማንሳት እንደሌለባት ታውቃለች። ሕጉን ራሷ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋ ከመሥሪያ ጠረጴዛዋ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች። የደወለው ግን ዋርሳዋ ዴልማር ነበር፤ የዴልማርን ስልክ አለማንሳት ደግሞ እጅ መስጠት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለልጆች ክርክር ያስተማረች ሴት እጅ መስጠት አልለመደባትም።

ስልኩን ከፍታ ከባዶ ቀለሆቹ አጠገብ አጋደመችው።

«እህሳ፣ የከሰል ነጋዴዋ!» አለ ዴልማር። «ዛሬም ጥቀርሻሽን እየሞላሽ ነው?»

«እየሞላሁ ነው። አንተስ የአይጥ ፈስህን ሰፍረህ ጨረስክ?»

የአይጥ ፈስ የምትለው የዴልማርን ጥይት ነው። በአሪዞና፣ በደረቅ ምንጭ ክለብ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ሽማግሌና ጎልማሳው የቅድመ አያቱን ዘመን ልብስ ለብሶ፣ የዚያን ዘመን መሣሪያ ታጥቆ፣ በሰዓት እየተለካ የብረት ኢላማ ይተኩሳል። የጡረተኞች ዕብደት ነው የሚሉ አሉ። ይበሉ! እነሱ ቅዳሜያቸውን የሚያሳልፉት አንዲት ነጭ ኳስ በብረት ዱላ ሣር ለሣር እያባረሩ ነው፤ ስለ ዕብደት ከእነሱ ትምህርት የሚቀበል የለም። ይልቅ እውነተኛው ጠብ ያለው ክለቡ ውስጥ ነው። መመሪያው የመሣሪያውን ዘመን እንጂ የባሩዱን ብርታት አጥብቆ አይቆጣጠርም። ስለዚህ ፍጥነት ወዳዱ ሁሉ ጢስ የሌለውን የዘመኑን ባሩድ ቁንጥር አድርጎ ይጨምርና ጥይቱ ሳያንገራግጭ፣ ሳይጮህ፣ እየተለማመጠ ሄዶ ብረቱን ይነካል። ሎርና ይህን ሐሰተኛ ሰነድ ከማዘጋጀት ለይታ አታየውም። እሷ ቀለሁን በጥቁር ባሩድ እስከ አፍ ገደፉ ትሞላለች። ስትተኩስ ነበልባሉ ክንድ ያህላል፤ ጢሱ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሦስተኛው ጥይት ላይ ኢላማው አይታይም።

ችግሩም ይኸው ነው። አንድም ሳይስት ስድስቱንም ዙር የጨረሰ ተኳሽ ከክለቡ የታጠፈ የፈረስ ጫማ ሚስማር ይሰጠዋል፤ ደረቱ ላይ ይሰካዋል። ዴልማር ዘጠኝ ሚስማር አለው። ሎርና በአሥራ አንድ ዓመት አንድም የላትም።

«ስሚኝ ሎርና፣ እኔ ለአንቺ አስቤ ነው» አለ ስልኩ። «ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሚስማር አያገኝም። እነዚያን መድፎችሽን ሽጪና እንደ ሰው ትንሹን ባለ ሠላሳ ስምንት ግዢ።»

«መድፎች» ያላቸው ሁለቱን ባለ አርባ አምስት ስድስት ጎራሽ ሽጉጦቿን ነው። ስትገዛቸው ዴልማርም አብሯት ነበር። ሻጩ ቀላሉን፣ አጭሩን፣ ለሴት እጅ የሚመቸውን ሲደረድርላት «እጄ ሴት መሆኑን ማን ነገረህ?» ብላ አፈጠጠችበት። ከዚያ ረጃጅሞቹን አንስታ ቃታቸውን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ወደ ኋላ ሳበች። አራት ጊዜ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አሉ። «እነዚህ ሊናገሩ ሲሉ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ» አለች፤ ወሰደቻቸው። በእጀታ የሚቀባበለውን ጠመንጃዋንም ያንኑ አርባ አምስት የሚጎርስ መረጠች፤ እየተከራከሩ ሁለት ዓይነት ጥይት መያዝ መደባለቅ ነዋ።

«ዴልማር» አለች አሁን፣ የመዳብ ጭልፋዋን ከባሩዱ ሳህን እየቀዳች። «ቅዳሜ በጥቁር ባሩድ አንድም ሳልስት ብጨርስስ?»

«ጨርሺ! በሚቀጥለው ወር እኔም ሙሉውን ውድድር በአንቺ ባሩድ እተኩሳለሁ።»

«በነጭ ሸሚዝ!»

«በነጭ ሸሚዝ። በሠርጌ ሸሚዝ! ከሳትሽ ግን ጥቁር ባሩድ እስከ ወዲያኛው ይቀራል። የአይጥ ፈስ ትሞያለሽ፤ እኔው ቁጭ ብዬ አስተምርሻለሁ፤ ‹አመሰግናለሁ ዴልማር› ትያለሽ።»

«አንተ!» አለች። ደሟ ፈላ፤ ሙሉውን ጭልፋ እንደ ጠቋሚ ጣት ወደ ስልኩ ወዘወዘችው። «አንተ ታሪክ አበላሽ! አንተ ባሩድ ቆጥቋጣ! መቃብሬ ላይ ነው የምታስተምረኝ!» በጭልፋው የቀረውን ቀለሁ ውስጥ ገለበጠች፤ የጥይቱን እርሳስ አናቱ ላይ አስቀመጠች፤ የመግጠሚያ ማሽኑን እጀታ በንዴት ደፈቀችው። ሌላ ቀን ቢሆን እያንዳንዱን ቀለህ በመብራት ወደ ውስጥ ታየው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በሜዳው ላይ ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ አልነበረም። ለሌላው የእግዜር ስጦታ፤ ለሎርና ግን መርገምት ነው፤ ጢሷን የሚወስድላት የለም። ቢሆንም የመጀመሪያውን ዙር ሳትስት ጨረሰች። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ ኢላማውን ጨርሶ ሳታየው፣ እግሯን የተከለችበትን አቅጣጫ አምና ተኮሰች፤ ብረቱ ደወል በደወል ሆነ። ከአራተኛው በኋላ ሰዎች ከባቄላቸው ሳህን ላይ ቀና ማለት ጀመሩ። ከአምስተኛው በኋላ ሳህኑን ትተው መጡ።

ሰዓት ያዡ ኢግናሲዮ ባራሳ ነበር። በዚህ ሜዳ ሰው ሁሉ የሚጠራው ራሱ ባወጣው የጨዋታ ስም ነው፤ ኢግናሲዮ «የንስሐ አባት» ስለተባለ ሁሉም «አባ» ይለዋል።

«ስድስተኛው ዙር ላይ ማን ይጀምራል?» አለ አባ።

«ረመጥ!» አለ ሕዝቡ። የሎርና ስም ነው።

ኢላማዎቹ ገና አሁን በነጭ ቀለም ተቀብተዋል። ሦስቱ ቆጣሪዎች ቦታቸውን ያዙ፤ የተሳተ ጥይት ቆጥረው በጣት የሚያሳዩ እነሱ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ዴልማር ነበር።

«አባ፣ ይሄ ሰውዬ ውርርድ ያለበት ነው! ይነሣ!» አለች ሎርና።

«ተራው ነው፣ ልጄ።»

«ልጅህ አይደለሁም፣ በሦስት ዓመት እበልጥሃለሁ!»

«እሺ እማማ። ተዘጋጅተሻል?»

ሰዓቱ ጮኸ። በጠመንጃው አሥር ጥይት፤ አሥር ጊዜ ብረቱ ጮኸ። ባለ መንታ አፈሙዝ ጠመንጃዋን አነሣች፤ አራቱ የብረት ሳህኖች ወደቁ። የመጀመሪያው ሽጉጥ፣ እንደ ደንቡ አምስት ብቻ የጎረሰ፤ አምስቱም በግራው ኢላማ ላይ ደወሉ። አሁን ዓለም ጢስ ብቻ ነበር። ሎርና ደመና ውስጥ ቆማ ትስቅ ነበር፤ እንደ ሕፃን ጮክ ብላ እየሳቀች ሁለተኛውን ሽጉጥ መዘዘች። የቀረው ባልዲ የሚመስለው ኢላማ ነው፤ አምስት ጥይት። ድው! ደወል። ድው! ደወል። ድው! ድው! ሁለት ደወል።

የመጨረሻውን ስባ ለቀቀች።

ፕፍ።

እጇ ውስጥ ሽጉጡ እንኳ አልተነቃነቀም። ደወል የለም። ጢሱ ውስጥ የሳቀችበት አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

«ቆጣሪዎች!» አለ አባ።

የመጀመሪያው ቆጣሪ ጣቶቹን ገጥሞ ክብ ሠራ፤ ምንም አልሳተችም ማለት ነው። ሁለተኛውም ክብ። ዴልማር ጢሙን ጎተተ፣ ሰማዩን አየ፣ እሱም ክብ ሠራ።

ሜዳው በጩኸት ተሞላ። ባርኔጣ ወደ ላይ ተወረወረ።

«ዝም በሉ!» አለች ሎርና። «ስቻለሁ!»

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህች ሴት በእያንዳንዱ ውሳኔ ላይ ይግባኝ ብላለች፤ እንዲህ ብላ ግን አታውቅም።

«እማማ፣ ሦስቱም ክብ ነው ያሉት» አለ አባ።

«ሦስቱም ዕውሮች ናቸዋ! የመጨረሻው ሲደውል ማን ሰማ? አንተ ሰማህ? አንቺስ? ማንም አልሰማም!»

«መመሪያው ተኳሽ በራሱ ላይ ይግባኝ እንዲል አይፈቅድም።»

«እንግዲያው መመሪያውን የጻፈው ቂል ነው፤ ደብዳቤ እጽፍለታለሁ! ዴልማር! በእግዜር ስም፣ አየኸው?»

«አላየሁም።»

«ሰማኸው?»

«አልሰማሁም።»

«ታዲያ ይሄ ክብ ምንድን ነው? አዘንክልኝ? አሮጊቷ ታሳዝናለች አልክ?»

«ማዘን!» ዴልማርም በተራው ቀላ። «የሠርግ ሸሚዜን አሲዤ ለአንቺ ላዝን? ያልመታ ጥይት አላየሁም፣ የመታም አልሰማሁም። የተጠራጠርከውን ለተኳሹ ስጥ ይላል ሕጉ። ሕግ አክብሬ እሰደባለሁ እንዴ?»

«ከአንተ በችሮታ የሚመጣ ሚስማር ጎኔ ላይ ቢሰካ ይሻለኛል!»

አባ ሁለት እጁን አነሣ። «መጀመሪያ መሣሪያሽን አራግፊ።»

በማራገፊያው ጠረጴዛ ላይ ቀለሆቹን አንድ በአንድ አወጣች። አምስተኛው ቀለህ ከወንድሞቹ የተለየ ነበር፤ ውስጡ እርጥብ ጥቀርሻ ሞልቶታል፤ ግማሽ ባሩድ ብቻ የተቃጠለበት ቀለህ የሚመስለው እንዲህ ነው። ሎርና አየችው። ጭልፋው፣ ስልኩ፣ ወደ ስልኩ የወዘወዘችው እጇ፣ ሁሉም ትዝ አላት። ጆሮዋ ድረስ ጋለች፤ ምንም አልተናገረችም። ይህ ራሱ ዜና ነበር።

አባ ሽጉጡን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ በአፈሙዙ አየ። «ባዶ ነው። እርሳሱ ወጥቷል። የቀረው ጥያቄ የት ሄደ የሚለው ነው።»

ሜዳው ተዘጋ፤ መሣሪያ ሁሉ ተቀመጠ። ያለው ሰው ሁሉ እንደ ሰልፍ ወደ ባልዲው ሄደ። ነጩ ቀለም ላይ ግራጫ የእርሳስ ምልክት እንደ እንፋሎት ተረጭቷል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

«አራት» አለች ሎርና። ድምፅዋ ቀጠነ። «አላልኳችሁም? አራት ነው።»

ተከራክራ ያሸነፈችበት፣ ያላስደሰታት የመጀመሪያው ክርክር ይህ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ሚስማር፣ ጥቁር ባሩዷ፣ ደመናው፣ ነበልባሉ፣ ሁሉም በአንድ ጭልፋ ውዝወዛ ሄደ። «አመሰግናለሁ ዴልማር» የሚለውን በሆዷ ሞከረችው፤ መረራት።

ዴልማር ግን በጉልበቱ ተንበርክኮ አሸዋውን ይዳስስ ነበር።

«ምን ታደርጋለህ? ተነሥ፣ አሸንፈሃል!»

«አንቺ ዝም ብትይ አንድ ነገር ይታየኛል።» እጁን ቀና አደረገ። በሁለት ጣቱ መሃል እርሳስ ነበር፤ ያልተበተነ፣ ያልተጨፈለቀ፣ አፍንጫው ብቻ ትንሽ የደነበዘ። አፍንጫው ላይ ነጭ ቀለም ተለጥፏል።

አባ ተቀበለው፤ አጎነበሰ። ከባልዲው የታችኛው ጠርዝ አንድ ጣት ከፍ ብሎ ትንሽ የተፋቀች ቦታ አለች፤ የጥፍር ምልክት ታክላለች።

«እግሩን መትቶ ቢሆንስ? እግሩ አይቆጠርም» አለች ሎርና፣ አሁንም በራሷ ላይ።

«እግሩ ዝገት ነው፣ ሴትዮ!» ዴልማር ጮኸ። «ዝገት! ነጭ ቀለም ያለው ኢላማው ላይ ብቻ ነው! መትተሻል! ከአይጥ ፈስ ቀጥሎ በዓለም ላይ ቀስ ብሎ የሄደ ጥይት ሄዶ፣ በር አንኳኩቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ ወድቋል፤ ግን መትቷል!»

«መትቷል» አለ አባ። «ጉዳዩ ተዘጋ።»

ቀጥሎ የሆነውን ማን ጀመረው አይታወቅም። ሎርና ዴልማርን አንገቱን ይዛ ትዘል ነበር፤ ፊቷ ላይ ያለው ጥቀርሻ ግማሹ ወደ እሱ ጢም ተዛወረ። አባ ሚስማሩን ሊሰካላት ሦስት ጊዜ ሞክሮ አልቆም አለችው።

«ቆይ!» አለ ዴልማር፣ እያለከለከ። «ሚስማሩ ከመሰካቱ በፊት በምን እንዳገኘችው ትናገር። በሕዝብ ፊት!»

«በጥቁር ባሩድ።»

«ምን ያህል ጥቁር ባሩድ?»

ሎርና ሕዝቡን አየች። እርሳሷን አየች። እንደ ዳኛ ቀጥ ብላ ቆመች።

«በአይጥ ፈስ» አለች።

ሳቁ ከሜዳው አልፎ መኪኖቹ ዘንድ ደረሰ። ዴልማር ሆዱን ይዞ አሸዋው ላይ ተቀመጠ፤ እንባውን በእጅጌው ጠረገ። ቀስ በቀስ ግን ሳቁ እየቀዘቀዘ ሄደ። የሚመጣው ወር ትዝ ብሎታል።

«ሎርና» አለ፣ ዝግ ብሎ። «ያ ጥቀርሻ ከነጭ ሸሚዝ በእጥበት ይለቃል?»

ሎርና ደረቷ ላይ ያለውን ሚስማር በአውራ ጣቷ አስተካከለች።

«አይለቅም!» አለች፣ ደስታዋ እየገነፈለ። «መቼም አይለቅም!»