ከሞት የተነሡት ቄስ

ቶርሻ ሃልዳር በኮሌጅ መግቢያ የእንግሊዝኛ ፈተና ሁለቴ ወድቃ ነው መምህርት ኒሩፓማ ላሂሪ ዘንድ የመጣችው። መምህርቷ ከኮሌጅ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ኮልካታ፣ ባግባዛር ሰፈር ባለው ቤታቸው ተማሪ ያስጠናሉ። ሌላው ተማሪ የሸመደደውን እንደ በቀቀን ያነበንብላቸዋል። ይህች ግን ያነበበችውን ሁሉ በገዛ መንገዷ ትፈታዋለች።

ስለ አንድ የገጠር ቄስ የሚተርክ የድሮ የእንግሊዝ ልቦለድ ሰጧት። አንብባ ስትጨርስ እንዲህ ብላ ጽፋ መጣች፦ «ቄሱ መጀመሪያ ላይ ሞተዋል። ባለጸጋው ሕይወት መለሰላቸው። ራት ላይ ሰው ሁሉ የሚያፈጥባቸውም ለዚህ ነው።»

መምህርቷ መነጽራቸውን አወለቁ። ደራሲው ያለው፣ ባለጸጋው ለቄሱ «ሊቪንግ» ሰጣቸው ነው። በዚያ ዘመን ቃሉ ደብር ከነመተዳደሪያው ማለት ነበር። ቶርሻ ሕይወት ብላ ወስዳዋለች።

«መሞታቸው የት ላይ ነው የተጻፈው?» አሉ ሳቃቸውን ውጠው።

«አልተጻፈም፣ እትዬ። ግን ሳይሞቱ ሕይወት ቢሰጣቸው ምን ያደርጉበታል?»

ይህን የመሰለ ጨዋታ በእርማት ማበላሸት አሳሳቸው። «ቀጥዪ፣ ቀጥዪ» ብቻ አሏት። ቀጠለች። «ድሮዊንግ ሩም» የተባለውን የእንግዳ መቀበያ ሳሎን የሥዕል ክፍል ነው ብላ፣ ቤተሰቡ ያን ሁሉ ዘመን እዚያ ተቀምጦ አንድም ሥዕል አለመሣሉን ክፉኛ ተቸች። እሱንም አላረሙላትም።

ቅዳሜ ከሰዓት የድሮ ባልደረቦቻቸው መጥተው፣ ፈንዲሻ ሩዝ በሰናፍጭ ዘይትና በቃሪያ ለውሰው እየቃሙ ጨዋታ ያዙ። ኒሩፓማ የቄሱን ትንሣኤ በቶርሻ ድምፅ ሲያወሩት ቢቫ የተባለችው ወዳጃቸው ሳቅ ትን አላት። ኒሩፓማ ቀና ሲሉ ቶርሻ በሩ ላይ ቆማለች።

«ጃንጥላዬን ረስቼ ነው» አለች። አንሥታ ወጣች።

«በቃ፣ ሁለተኛ አትመጣም» አለች ቢቫ።

ኒሩፓማ የቀረውን ሩዝ ገፋ አደረጉት።

ሰኞ መንገዱ በዝናብ ተጥለቅልቆ ነበር። ቶርሻ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እስከ ጉልበቷ ርሳ በሰዓቷ ደረሰች።

«ልጄ፣ ቅዳሜ ለሆነው...»

«ይሳቁ፣ እትዬ። እኔም ብሰማው እስቃለሁ። ግን እርስዎ «ቀጥዪ» ሲሉኝ እኔ ትክክል ነኝ ብዬ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ልማር ነው የመጣሁት፤ ላጫውት አይደለም።»

ኒሩፓማ ፎጣ አምጥተው ሰጧትና «ከመጀመሪያው ገጽ እንጀምር» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ቀልድ አልነበረም። አንድ ቃል በጠረጠረች ቁጥር መዝገበ ቃላት ይገለጣል። አንዳንዴ ሁለቱም ተሟግተው ድምፃቸው ጎረቤት ይሰማል። መምህርቷ ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ ልጅቱ እያዛጋች፣ ዝናቡም ሳያባራ ወራቱ አለፉ። ፈተናውን አለፈች። የቀረው የኮሌጁ የቃል ፈተና ነበር።

እዚያ ፈታኞቹ አይታው የማታውቀው ግጥም ሰጧት። አንዱ ቃል ጠፋባትና ትርጉሙን ጠየቀች።

«ጠያቂዎቹ እኛ ነን፣ እመቤት» አለ አንደኛው ፈታኝ።

«ልክ ነው፣ ጋሼ። ግን ቃሉን ሳላውቅ ብመልስ ያው ፈጠራ ነው። በፈጠራ አልታማም፤ ዛሬ ግን አልፈልገውም።»

ፈታኞቹ ተያዩ። ሴትየዋ ፈታኝ ፈገግ ብላ ትርጉሙን ነገረቻት። ቶርሻም ግጥሙን ከላይ እስከ ታች አፍታታችው።

በመጀመሪያው ዙር የቅበላ ዝርዝር ላይ ስሟ አልወጣም። እናቷ «ተዪው፣ ዕድልሽ አይደለም» ብትላትም፣ ሁለተኛው ዙር ሲለጠፍ መምህርቷን ይዛ ሄደች። በሰው ትከሻ መሃል ተሽሎክልካ ገብታ ቆየች፤ ስትወጣ ፊቷ በርቷል።

«ገብቻለሁ፣ እትዬ!»

ኒሩፓማ አቅፈው ግንባሯን ሳሙ። «ነይ ጣፋጭ ልግዛልሽ።»

«ጣፋጩ ይደርሳል። መጀመሪያ መጻሕፍቱን፤ ሰው ሳይሻማብን።»

ክንዳቸውን ይዛ፣ ጉልበታቸው እንዳይጎዳ እየተጠነቀቀች፣ በመንገዱ ዳር ወደተደረደሩት የአሮጌ መጻሕፍት ሱቆች ይዛቸው ሄደች።